ማኅተሙን መጨረሻ ላይ እዩት፦ ጥንታዊ የጀርመን ፖርሴሊን የመመርመሪያ መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት ፍራንክፈርት ውስጥ፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ አሮጌ ዕቃ ይሸጣል። ጀርመኖች ፍሎማርክት ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ የእረኛ ልጅ ምስል፣ ወርቅ ቅብ ስኒ፣ አበባ የተሳለበት ሰሃን ተደርድሯል። ሰው መጥቶ አንዱን ያነሣል። ወዲያው ይገለብጠዋል። ከሥሩ ሁለት የተመሳቀሉ ሰማያዊ ሰይፎች፣ የታወቀውን የማይሰን ፋብሪካ ማኅተም፣ ካየ እጁ ወደ ቦርሳው ይሄዳል።

እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ከዓመታት በፊት ሰይፉን ብቻ አይቼ አንድ ሰሃን ገዛሁ። ቤት ገብቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው አበባው በብሩሽ የተሳለ አልነበረም። ሁሉም ጥቃቅን ነጠብጣብ ነው፤ የታተመ ሥዕል። ሰይፉም ከላይ የተቀባ ነበር። በጥፍሬ ስነካው ጎርበጥ ይለኛል። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስካሁን አልገባኝም። ገንዘቡ ግን ሄዷል፣ ሰሃኑም እኔ ያሰብኩት ሰሃን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሌን ቀየርኩ። ማኅተም በዕቃው ላይ ካለው ነገር ሁሉ ለማስመሰል በጣም ቀላሉ ነው። ጥቂት ሰማያዊ ቀለምና አንድ ቀጭን ብሩሽ ይበቃዋል። ጭቃውን፣ ልባሱን (ላዩን የሚሸፍነውን መስተዋት መሳይ ሽፋን)፣ የሠዓሊውን እጅ ማስመሰል ግን ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ገላውን አንብቡ፣ ማኅተሙን መጨረሻ ላይ እዩት። ከታች ያለው እኔ የምከተለው መንገድ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከቤት ስትወጡ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ያዙ። ጌጣጌጥ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ዓይነት ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው። የስልካችሁ መብራት ይበቃል። ከተቻለ ሐሰተኛ የብር ኖት መለያ የሆነችውን ትንሿን የዩቪ ባትሪ ጨምሩ። አንድ እርጥብና አንድ ደረቅ ጨርቅም አይጥፋ፤ ቆሻሻ ስንጥቅ ይደብቃል። ቀለበትና አምባር አውልቁ። የሰው ዕቃ ላይ ጭረት ማውጣት አይገባም።

2. ጭቃውን እወቁ

እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርብ ነገር አለ። «ሲኒ» የሚለው ቃላችን ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ቡና የምንጠጣበት ዕቃ ስሙን ያገኘው ከትውልድ አገሩ ነው። አውሮፓም ለብዙ ዘመን ፖርሴሊንን የሚያውቀው ከቻይናና ከጃፓን በመርከብ ሲመጣ ብቻ ነበር። እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም።

የሳክሶኒው ገዥ ብርቱው አውግስጦስ በዚህ ዕቃ ፍቅር ያበደ ሰው ነበር። በ1717 ለፕሩሲያ ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ 151 የፖርሴሊን ዕቃ ተቀበለ። ከእነዚያ ትልልቅ ማሰሮዎች ዛሬም ድሬስደን፣ ስቪንገር በተባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው የፖርሴሊን ስብስብ የሚታዩ አሉ፤ «የወታደር ማሰሮ» ይሏቸዋል። ከፊታቸው ስትቆሙ ስድስት መቶ ሰው ማሰባችሁ አይቀርም።

ይኸው አውግስጦስ ዮሐን ፍሪድሪሽ ቦትገር የተባለ ወጣት ይዞ አስሮ ነበር። ልጁ ወርቅ እሠራለሁ ብሎ ያወራ የነበረ ቀማሚ ነው። ወርቁ አልሆነም። ከሳይንቲስቱ ከቺርንሃውስ ጋር ሲሠራ ግን በ1708 የነጩ ፖርሴሊን ምሥጢር ተገኘ። ቺርንሃውስ በዚያው ዓመት ሞተ። በ1710 ማይሰን ከተማ፣ ኮረብታው ላይ ባለው አልብሬሽትስቡርግ ግንብ ውስጥ ፋብሪካው ተከፈተ። ግንብ የተመረጠው ምሥጢሩ እንዳይወጣ ነው። ቦትገር በ1719 በ37 ዓመቱ ሞተ።

ምሥጢሩ ምን ነበር? ከሁሉ በላይ ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር ነው፤ በኋላ ፌልድስፓር የሚባል ድንጋይና ኳርትዝ አብረውት ይገቡ ጀመር። ዕቃው መጀመሪያ በ900 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል። ከዚያ ልባሱ ውስጥ ይነከራል። እንደገና ወደ 1400 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ይገባል። በዚህ ሙቀት ጭቃውና ልባሱ ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። ጀርመኖቹ የሚሠሩት ይህን ጠንካራውን ዓይነት ነው። በእጃችሁ የምትፈትሹትም ይህንኑ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ዕቃውን ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት፤ እንደ ብርጭቆ ይቀዘቅዛል። ስስ ስኒ ወይም ሰሃን ከሆነ ከጀርባው የስልኩን መብራት አብሩና ጣታችሁን በመሃል አሳልፉ። የጣታችሁ ጥላ መታየት አለበት። ምንም ብርሃን ካላሳለፈ ተራ ሸክላ ሊሆን ይችላል። ወፍራም ምስል ግን ብርሃን ባያሳልፍ አይፈረድበትም። ከዚያ ሰሃኑን በተዘረጋ መዳፍ ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በጥፍር መታ አድርጉት። ጤነኛ ከሆነ እንደ ቃጭል ጥርት ብሎ ይጮኻል። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

3. እግሩን ተመልከቱ

አሁን ገልብጡት፤ ግን ማኅተሙን ለጊዜው እለፉት። ዕቃው የሚቆምበትን ቀለበት ፈልጉ። እቶን ውስጥ ልባሱ ስለሚቀልጥ ዕቃው ከመደርደሪያው ጋር እንዳይጣበቅ ከዚያ ቀለበት ላይ ልባሱ ይጠረጋል። ስለዚህ እግሩ ላይ ራቁቱን ያለ ጭቃ ታያላችሁ። በጣታችሁ ዳሱት። የጥሩ ፖርሴሊን ጭቃ ነጭ፣ ድፍንና ደቃቅ ነው። ውኃ አይመጥም። ቡናማ፣ ቀዳዳ የበዛበትና እንደ ኖራ የሚፈረፈር ከሆነ ፖርሴሊን አይደለም፤ በላዩ ላይ የቱንም ያህል የሚያምር ሰይፍ ይኑር።

የመቶ ዓመት ዕቃ በእግሩ ብዙ ጠረጴዛ ነክቷል። እዚያ ላይ ያለው ጭረት በተለያየ አቅጣጫ የሄደ፣ ጥልቀቱ የተለያየ፣ ውስጡ የደረቀ አቧራ የያዘ ይሆናል። ሁሉም ጭረት ወደ አንድ ጎን ከሄደ አንድ ሰው በአሸዋ ወረቀት አስረጅቶታል። ምስል ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ትኖራለች። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሲተኮስ አየር የሚወጣባት ናት። ጉድለት አትምሰላችሁ።

4. የሠዓሊውን እጅ ፈልጉ

እኔ ረጅም ጊዜ የምቆየው እዚህ ላይ ነው። አጉሊ መነጽሩን አውጡና አንዲት የጽጌረዳ ቅጠል ምረጡ። አንዲት ብቻ። በእጅ የተሳለች ከሆነ የብሩሹ መነሻ ላይ ቀለሙ ወፈር ይላል፣ መጨረሻው ላይ ይሳሳል። የጠጉሩ ፈለግ ይታያል። ጎኗ ያለችው ቅጠል ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት አይደለችም፤ አንዷ ሰፋ፣ አንዷ ዘመም ያለች ናት። የታተመች ከሆነች ግን ቅጠሏ ወደ ነጠብጣብ ትበተናለች። ስድስት ሰሃን ካለ ስድስቱንም አስተያዩ። የሰው እጅ አንድን አበባ ስድስት ጊዜ ምንም ሳያዛንፍ አይደግምም።

አንዳንዴ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። መስመሩ ታትሞ ቀለሙ በእጅ ይሞላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ብዙ ፋብሪካዎች የሠሩበት ዘዴ ነው። ሻጩ «በእጅ የተሳለ» ብሎ ዋጋ ሲጠራ ግን ልዩነቱን ማወቅ አለባችሁ።

ቀለሙ ከልባሱ በታች ነው ወይስ በላይ? ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ኮባልት ሰማያዊ ከፍተኛውን እሳት ስለሚችል ከልባሱ በታች ይሳላል። ጣት ስታሳልፉበት ምንም አይሰማም፣ ከመስተዋት በታች እንዳለ ነው። ቀዩ፣ ሮዙ፣ አረንጓዴው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ይሳላል፤ በሌላ ዝቅ ያለ እሳት ይያያዛል። ከብርሃን ጋር አዘንብላችሁ ስታዩት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል። ማይሰን በእነዚህ የላይ ቀለሞች የታወቀው ሠዓሊው ዮሐን ግሬጎሪዩስ ሄሮልት በ1720 ከቪየና ከመጣ በኋላ ነው።

ወርቁም ይናገራል። በድሮው መንገድ የተቀባ ወርቅ ከተተኮሰ በኋላ በአጌት ድንጋይ ይወለወላል። ለስለስ ያለ፣ የማር ዓይነት ድምቀት አለው። ከ1830 ገደማ ወዲህ ደግሞ ከእቶን ሲወጣ ራሱ የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ ወርቅ መጣ። እሱ ስስ ነው፣ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፣ ቶሎም ይለቃል። «የ1750 ስኒ ነው» ተብላችሁ ጠርዙ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ቆም በሉ።

ምስሎች ላይ ጣቶቹንና ፊቱን እዩ። ቅርጽ ሠሪው ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር በ1731 ማይሰን ገብቶ እስከ 1775 ሕይወቱ እስኪያልፍ ድረስ ሠርቷል። የእሱ ሰዎች ዝም ብለው አይቆሙም፤ ወገባቸው ይዞራል፣ ልብሳቸው ይወዛወዛል። ኒምፌንቡርግ ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1754 እስከ 1763 ፍራንዝ አንቶን ቡስቴሊ የተባለ ቅርጽ ሠሪ ነበር። የጣሊያን መድረክ ተዋንያኑን ስታዩ አንገታቸው ራሱ ይጨፍራል። የኋላ ቅጂዎች ላይ ጣቶቹ ተጣብቀው እንደ ማንኪያ ይሆናሉ፣ ዓይኑም ሁለት ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የዳንቴል ቀሚስ የለበሰች ሴት ካጋጠማችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩአት። ዳንቴሉ እውነተኛ ጨርቅ ነበር። ሠራተኛዋ ዳንቴሉን በቀጭን የፖርሴሊን ፈሳሽ ነክራ ምስሏ ላይ ትደረድረዋለች፣ በጣቷ እጥፍ እጥፍ ታደርገዋለች። እቶን ሲገባ ክሩ ይቃጠልና ይጠፋል። የሚቀረው የክሩን መልክ የያዘ ፖርሴሊን ነው። በአጉሊ መነጽር ስታዩት የክሩ ቋጠሮ ሳይቀር ይታያል። አንዲት ስሕተት ጣት ግን ትሰባብረዋለች።

5. አሁን ማኅተሙን እዩ

በማይሰን እንጀምር። ሁለቱ ሰይፎች ከሳክሶኒ የጋሻ ምልክት የተወሰዱ ናቸው፤ ሥራ ላይ የዋሉት ከ1722 ገደማ ጀምሮ ነው። ከልባሱ በታች በሰማያዊ በእጅ ስለሚሳሉ ሁለት ሰይፍ ፍጹም አንድ አይሆንም። ከዓመት ዓመት የገባባቸው ትንንሽ ለውጥ ዕድሜ ይነግራል። ከ1763 እስከ 1774 በእጀታዎቹ መሃል አንዲት ነጥብ አለች። ከ1774 እስከ 1814 ከሥር ኮከብ አለ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የሰይፎቹ እጀታ ጫፍ ላይ ጉብ ያለች ነጥብ መጣች፣ እስከ 1924 ቆየች። ከ1924 እስከ 1934 ነጥቧ ወደ ላይ ወጥታ በስለቶቹ ጫፎች መሃል ተቀመጠች። የነጥቧን ቦታ አትቀላቅሉ፤ ከእጀታው ወደ ስለቱ ስትሄድ 160 ዓመት ያህል ልዩነት አላት።

ሰይፎቹ ላይ ልባሱን የቆረጠ ጭረት ካለ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ያወጣው ነው። ዕቃው አንደኛ ደረጃ አልሆነም ማለት ነው፣ ወይም ሳይሳል በነጩ ተሸጧል። በነጩ ወጥቶ ሌላ ቤት የተሳለ ዕቃ ጭቃው የማይሰን ነው፣ ሥዕሉ ግን አይደለም። ዋጋው የሚወርደው ለዚህ ነው።

የማይሰን ምስል ከሆነ ከሥሩ ሌላም ነገር ፈልጉ። የሞዴሉ ቁጥር በእርጥቡ ጭቃ ላይ በእጅ ተጭሮ ይገኛል። ቅርጹን የሠራው ሰው ቁጥርም ጭቃው ውስጥ ታትሞ ሊኖር ይችላል። ለማስመሰል የሚሞክሩ ብዙዎች ሰይፉን ያስታውሳሉ፣ ቁጥሩን ይረሳሉ።

ሰማያዊ የሽንኩርት ሥዕል የሚባለውንም ልንገራችሁ። ከ1740 አካባቢ ጀምሮ ማይሰን ሠርቶታል። ስሙ ሽንኩርት ይሁን እንጂ ሥዕሉ ከቻይና የተቀዳ ሮማንና ኮክ ነው። ሠዓሊዎቹ ሳያውቋቸው የሳሏቸው ፍሬዎች ሽንኩርት መሰሉ። ሌሎች ፋብሪካዎች እጅግ ብዙ ስለቀዱት ማይሰን ከ1888 ጀምሮ ሰሃኑ ፊት ላይ፣ ከቀርከሃው ግንድ ሥር፣ ሰይፎቹን ሣለ። የኋለኛውን ዘመን የሽንኩርት ሰሃን ስትይዙ ሳትገለብጡ ቀርከሃውን እዩ። በሌላ በኩል «ማይሰን» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለበት ሰሃን ከዚያው ከተማ ሌላ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። የከተማ ስምና የፋብሪካ ስም አንድ አይደሉም።

ሌሎቹን በአጭሩ። ሆሽት በ1746 ተመሠረተ፤ ምልክቱ መንኮራኩር ነው። ሆሽት ዛሬ የፍራንክፈርት አንድ ሰፈር ነው፤ እዚህ የምንኖር ሐበሾች በባቡር የምናልፍበት ሆሽት ማለት ነው። ፉርስተንበርግ በ1747 ተመሠረተ፤ ሰማያዊ የኤፍ ፊደል አለው። ኒምፌንቡርግ በዚያው ዓመት ተጀምሮ በ1761 ሙኒክ ወዳለው ቤተ መንግሥት ግቢ ገባ፤ የባቫሪያ ጋሻ ጭቃው ውስጥ ታትሞ ይገኛል፣ ቀለም ስለሌለው በብርሃን አዘንብላችሁ ፈልጉት። ፍራንከንታል በ1755 ነው፤ መጀመሪያ አንበሳ፣ በኋላ የገዥው የካርል ቴዎዶር ስም ሁለት ፊደላት ከነዘውዳቸው። ሉድቪግስቡርግ በ1758 ነው፤ ጀርባ ለጀርባ የተጠላለፉ ሁለት የሲ ፊደላት ከዘውድ ጋር። መሣፍንቱ እርስ በርስ ይፎካከሩ ስለነበር ሁሉም የራሱን ፋብሪካ ይፈልግ ነበር። ለዚህ ነው በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የተከፈተው።

በርሊን ለብቻው መነገር አለበት። የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሪድሪሽ በ1763 ፋብሪካውን ገዛ፤ ምልክቱ ሰማያዊ በትረ መንግሥት ሆነ። ከ1832 ጀምሮ ኬ ፒ ኤም ከሚሉት ፊደላት ጋር መስቀል ያለበት ሉል በቀይ ከላይ ይታተምበታል። ሉሉ ዕቃው በዚያው ፋብሪካ ለመሳሉ ምስክር ነው። የዚህ ፋብሪካ ታሪክ ግን ነውርም አለበት። ንጉሡ ከ1769 ጀምሮ አይሁድ ዜጎቹ ፈቃድ ሲያወጡ የፋብሪካውን ዕቃ ገዝተው ውጭ አገር እንዲሸጡ አስገድዷል። ጀርመኖች ዛሬም «የአይሁድ ፖርሴሊን» ብለው ያስታውሱታል። ዕቃው ቆንጆ ስለሆነ ይህን መዝለል አልፈለግሁም።

ሦስቱን ፊደላት ስታዩ ሁሉ ግን በርሊን ነው አትበሉ። ማይሰንም በ1720ዎቹ ለአጭር ጊዜ ተጠቅሞባቸዋል። በሲሌሲያ የነበረው የክሪስተር ፋብሪካም ያው ፊደላት አሉት። በትሩን ፈልጉ።

ሰው በጣም የሚሳሳትበት «ድሬስደን» የሚለው ቃል ነው። ድሬስደን አንድ ፋብሪካ አይደለም። ከተማው ውስጥ ብዙ የሥዕል ቤቶች ነበሩ፤ ነጩን ዕቃ ከሌላ ገዝተው ይስሉበት ነበር። በ1883 አራት ቤቶች ተባብረው ድሬስደን የሚል ጽሑፍ ከዘውድ ጋር አስመዘገቡ። ሄሌና ቮልፍዞን የተባለች ባለ ሥዕል ቤት ደግሞ የአውግስጦስን ስም ሁለት ፊደላት ትጠቀም ነበር። ማይሰን ከሰሳትና ማቆም ግድ ሆነባት። እነዚያን ሁለት ፊደላት ያለበት ስኒ «ለንጉሡ የተሠራ» እየተባለ ዛሬም ይሸጣል። አብዛኛው የቮልፍዞን ቤት ሥራ ነው። ከድሬስደን አጠገብ ፖትሻፕል ላይ በ1872 የተከፈተው የካርል ቲሜ ፋብሪካ ደግሞ በአበባ የተሸፈኑ ማሰሮዎችና የመስታወት ፍሬም በመሥራት የታወቀ ነው። እነዚህ ሁሉ በራሳቸው ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ማይሰን ነን እስካላሉ ድረስ የሚያሳፍር ነገር የላቸውም።

ቱሪንጊያ በተባለው የጀርመን ክፍልም ከ1760ዎቹ ጀምሮ በርካታ ፋብሪካዎች ተነሥተዋል። አንዳንዶቹ ከሩቅ ሰይፍ የሚመስል የተመሳቀለ መስመር ያደርጉ ስለነበር ማይሰን ተቃውሟል። ዘውድ ያለው የኤን ፊደል ያደረጉም አሉ። ያ በመጀመሪያ የጣሊያን፣ የኔፕልስ ምልክት ነው። ፓሪስ የነበረው የሳምሶን ቤት ደግሞ ከ1845 ጀምሮ የሁሉንም ዓይነት ቅጂ ሠርቷል።

6. የአገሩን ስም አንብቡ

ይህ ቀላሉ ደረጃ ነው፤ ብዙ ገንዘብም ያድናል። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ምክንያት ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር ስም እንዲጻፍበት ጠየቀች። ስለዚህ «ጀርመኒ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ የ1700ዎቹ አይደለም። ጽሑፉ ስለሌለ ግን ከ1891 በፊት ነው ማለት አይደለም፤ ለአገር ውስጥ የተሸጠው አይጻፍበትም ነበር። «ጀርመን፣ የአሜሪካ ቀጠና» የሚል ካለ ከ1945 እስከ 1949 ባለው ጊዜ ነው። «ምዕራብ ጀርመን» ወይም የምሥራቁ ጀርመን ስም አሕጽሮት ካለ ከ1949 እስከ 1990 ነው። ዋሺንግተን ወይም ዳላስ የምትኖሩና የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ የምትሄዱ ወገኖች፣ ወደ አሜሪካ የገባ ዕቃ ስለምታገኙ ይህ ደረጃ ለእናንተ በተለይ ይጠቅማል።

ሌላም ምልክት አለ። ማኅተሙ ውስጥ የፋብሪካ መመሥረቻ ዓመት ተጽፎ ካገኛችሁ ያ የዕቃው ዓመት አይደለም። «1814» የሚል የሁቸንሮይተር ሰሃን በ1970 የተሠራ ሊሆን ይችላል።

7. ጉዳቱን ፈልጉ

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን በጠርዙ ዙሪያ አሳልፉ። ጣት ከዓይን ቀድሞ ሽራፊ ያገኛል። ከዚያ መብራቱን በጀርባ አብሩ፤ የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ እንደ ጥቁር ክር ትወጣለች።

ምስል ላይ የሚሰበሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ጣት፣ አንገት፣ የአበባ ቅጠል፣ የባርኔጣ ጠርዝ፣ የያዘችው በትር። ስኒ ላይ የእጀታው መጋጠሚያ ነው። እነዚህን በዩቪ ባትሪ እዩአቸው፤ ኮታችሁን ጣል አድርጋችሁ ጨለማ ፍጠሩ። ተጠግኖ የተቀባ ቦታ ከቀረው ገላ ተለይቶ ያበራል። በጣትም ይታወቃል። የጥገና ቀለም እንደ ልባስ አይቀዘቅዝም፣ ለስለስ ይላል። ክዳን ካለው ክዳኑ ልክ ይግጠም፣ የነጩ ዓይነትም አንድ ይሁን። ከሁለት የተለያየ ዕቃ የተጋባ ክዳን ብዙ አይቻለሁ።

የተጠገነ ዕቃ አትግዙ አልልም። የምትወዱት ከሆነ ግዙ። የተጠገነ መሆኑን አውቃችሁ፣ በተጠገነ ዋጋ ይሁን።

8. ዋጋ ስትነጋገሩ

ኢንተርኔት ላይ ሰው የጠየቀውን ዋጋ አትዩ፤ የተሸጠበትን እዩ። የጨረታ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ሻጩን «ተጠግኗል ወይ?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። ታማኝ ሻጭ ይነግራችኋል። ውድ ከሆነ ደረሰኝ ላይ «የማይሰን ፋብሪካ፣ የዚህ ዘመን» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁ። ለመጻፍ ካመነታ እናንተም ለመክፈል አመንቱ። ስንጥቁን በትሕትና አሳዩትና «መጨረሻው ስንት ነው?» በሉ። ዕቃውን አታጣጥሉ። የአያቱ ሊሆን ይችላል።

9. ቤት ካገባችሁ በኋላ

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ በጭራሽ አታስገቡ። አንዲት ጎረቤቴ ከእናቷ የወረሰችውን ወርቅ ጠርዝ ስኒ ሰጥታኝ ነበር። ቤቴ እንግዳ በበዛበት ቀን ከሌላው ጋር ማሽን ውስጥ ገባ። ሲወጣ ወርቁ ግማሹ ሄዷል። ሴትዮዋ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን ያን ስኒ ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

እንዲህ እጠቡ። የፕላስቲክ ሳፋ ውሰዱ፣ ከሥሩ ፎጣ አንጥፉ። ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ለስላሳ ሳሙና። አንድ አንድ እያደረጋችሁ በእጅ። በረኪና አይነካው፣ ሻካራ ስፖንጅ አይነካው። ወርቁን አትፈትጉት። የተለጠፈ ወይም የተጠገነ ዕቃ አትንከሩ፤ ሙጫው ይለቃል። በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጠረግ አድርጉት።

ቡና ልጠጣበት የሚል ይኖራል። ስኒው ትንሽ፣ ቅርጹም የእኛን ሲኒ ስለሚመስል ፍላጎቱ ይገባኛል። ግን ከላይ የተሳሉ የድሮ ቀለሞች እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል። ቀዝቃዛ ገላ ላይ የፈላ ነገር ድንገት ሲፈስም የተደበቀች ስንጥቅ ትከፈታለች። ለማየት ይቀመጥ። ሎሚ ያለው ነገር ደግሞ በፍጹም አታድርጉበት።

ሰሃን ስትደራርቡ በየመሃሉ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ወረቀት አስገቡ። ስኒን በእጀታው አታንጠልጥሉ። ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት ሰሃን በብረት ስፕሪንግ ከተወጠረ ጠርዙን ይጎዳዋል፤ ለስላሳ መያዣ ፈልጉ። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቻችሁ የምትወስዱ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ አትላኩት። በእጃችሁ ያዙት፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሣጥን ውስጥ፣ ያንን ሣጥን ደግሞ በሌላ ሣጥን ውስጥ።

ዳንቴል የለበሰችውን ሴት አቧራ ማራገፍ ከሁሉ ይከብዳል። ጨርቅ አይሆንም፤ ክሩ ላይ ይያዛል። አዲስ የፊት ፓውደር ብሩሽ ግዙ፣ ለእሷ ብቻ ይሁን። ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ትንፋሽ ቀስ ብላችሁ። ስታነሷት ወገቧን ወይም ክንዷን አትያዙ። አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር፣ አንድ እጅ ከጀርባዋ፣ ሳትነኳት ቀረብ ብሎ።